የተዘጋችው ካሜራ

አድምጡኝማ! ነገሩ የሆነው በ2004 ዓ.ም. ነው። ወንጪ ሐይቅ አፋፍ ላይ ወዳለች መንደርና ወደ ስምጥ ሸለቆዋ ወለንጪቲ አካባቢ ሰዎች መጡና የታሸጉ ካርቶኖች አራገፉ። በየመንደሩ ሃያ ያህል ልጆች ይጠብቋቸዋል፤ ትምህርት ቤት ያልገቡ፣ ፊደል ያልቆጠሩ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ታብሌት ነው። ለአዋቂዎቹ በፀሐይ ኃይል ባትሪ እንዴት እንደሚሞላ አሳዩ እንጂ ለልጆቹ አስተማሪ አልተመደበም፤ ይህ እንዲህ ነው፣ ያ እንዲያ ነው የሚላቸውም አልነበረም። ካርቶኑን ከነማሸጊያው ትተውላቸው ሄዱ።

ሙከራውን ያደረገው ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ ይድረስ ብሎ የተነሣው የአሜሪካ ድርጅት ነበር። መሪው ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በጥቅምት 2005 ዓ.ም. በአንድ ጉባኤ ላይ ቆሞ የሆነውን ተናገረ። ልጆቹ በካርቶኑ ይጫወታሉ ብሎ ሲጠብቅ፣ አንዱ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ማሸጊያውን ቀዶ፣ ማብሪያውን አግኝቶ ታብሌቱን አበራው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መንደሩ ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል ዘፈን ይሰማ ጀመር። ባለቤቱ ስለ ገዛ ሥራው ሲመሰክር ትንሽ ቀነስ አድርጎ መስማት ደግ ነውና እኔም ቀነስ አድርጌ ነው የሰማሁት። አንዱን ነገር ግን መቀነስ አልቻልኩም። ታብሌቶቹን ያዘጋጁት ሰዎች ካሜራውን ዘግተውት ነበር። በአምስት ወር ውስጥ ልጆቹ የተዘጋውን ካሜራ ከፈቱት።

እስቲ አስቡት። ጨዋታ አላቸው፣ ዘፈን አላቸው፣ ሥዕል አላቸው። ከውጭ የተጫነላቸው ብዙ ነው። እነርሱ ግን ታግለው የከፈቱት የራሳቸውን መንደር የሚያዩበትን ዓይን ነው። ስለ ትምህርትና ስለ ዲጂታል መሣሪያ ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህች ካሜራ ይነሣል።

አሁን ይህን ይዘን ዓባይን ወደ ጎጃም እንሻገር። ደጀን ወጥተን፣ ብቸናን አልፈን፣ ደብረ ወርቅን ተሳልመን ጉንደ ወይን እንግባ። ጉንደ ወይን የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከእርሷ ወዲያ መንገዱ ሞጣን ይዞ ወደ ባሕር ዳር ይቀጥላል። በስተሰሜን መሬቱ ቁልቁል ወርዶ ወርዶ ዓባይ ላይ ያበቃል፤ ማዶው ጎንደር ነው። እንደ ሌሎቹ የጎጃም ደጋ ከተሞች ሁሉ፣ ሰኞ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤቱ የሚገባው ተማሪ ሁሉም የከተማ ልጅ አይደለም። ብዙው ቅዳሜ ቀበሌው ሄዶ፣ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ የተመለሰ፣ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ የሚማር የገበሬ ልጅ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

ለእነዚህ ልጆች የማስበው የፕሮጀክት ትምህርት የሚባለውን ነው። ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ነገሩ ቀላል ነው። መምህሩ መልሱ መጽሐፉ ጀርባ የሌለ ጥያቄ ያነሣል። ተማሪዎች በቡድን ተከፋፍለው ሳምንታት ይደክሙበታል፤ ይለካሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ያርማሉ። በመጨረሻም የሚታይ ወይም የሚነበብ ነገር ሠርተው ከመምህሩ ሌላ የሚያዳምጥ ሰው ፊት ይቆማሉ። አሜሪካኖቹ ታሪኩን ዊልያም ኪልፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1918 ስለ ፕሮጀክት ዘዴ ካሳተመው ጽሑፍ ይጀምሩታል፤ ከእርሱም በፊት ጆን ዱዊን ይጠቅሳሉ።

ጎጃም ይህን ለመስማት እስከ 1918 አልጠበቀም። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የተማሩባቸውን ደብረ ኤልያስን፣ ደብረ ወርቅን፣ ዲማን አስቡ። ንባብ ቤትና ዜማ ቤት የቃል ጥናት ነው፤ የተባለውን መልሶ ማለት ነው። ቅኔ ቤት ሲደርስ ግን ሥርዓቱ ይገለበጣል። ተማሪው ከየኔታ መንገዱን ይሰማል፤ ከዚያ ደበሎውን ለብሶ ከዛፍ ጥላ ሥር፣ ከኮረብታ ጥግ ተቀምጦ የራሱን ይቆጥራል። ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ጀምሮ ወደ ዘአምላኪየ፣ እያለ እያለ ወደ መወድስ ይወጣል። የሠራውን ይዞ የኔታ ፊት ይቆማል። የኔታ ይሰማሉ፣ ያርማሉ፣ ያልበሰለውን ይመልሱታል። የትናንቱን ዛሬ መድገም የለም፤ የሌላውን አምጥቶ የኔ ነው ማለትም ነውር ነው። በዚህ አገር አዲስ ነገር ሠርቶ በመምህር ፊት ማቅረብ ከትምህርት ከፍተኛ ደረጃዎች አንዱ ሆኖ ለዘመናት ኖሯል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ከንባብ ቤት የቃሉን ጥናት ወሰደና ከቅኔ ቤት ምንም ሳይወስድ ቀረ። እኔ የማዝነው በዚህ ነው።

ወደ መሣሪያው እንምጣ። በ1997 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ፕላዝማ ገባላቸው። ያን ጊዜ የተማረ ሁሉ ያስታውሰዋል። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ፣ በሳተላይት ተሠራጭቶ፣ በእንግሊዝኛ፣ በተመሳሳይ ሰዓት በመላ አገሪቱ ይተላለፍ ነበር። ክፍለ ጊዜው ሲጀምር መምህሩ ጥቂት ደቂቃ ይናገራል፤ ከዚያ ስክሪኑ ይረከበዋል፤ መጨረሻ ላይ የቀረችውን ጥቂት ደቂቃ ደግሞ ለመምህሩ ይመልስለታል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። በቂ መምህርና ቤተ ሙከራ ለሌለው የገጠር ትምህርት ቤት በስክሪን የሚታይ የኬሚስትሪ ሙከራ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ግን ሳተላይት ጥያቄ አይጠይቁትም። አልገባኝም ቢሉት አይቆምም። መብራት ከሄደ የዚያ ቀን ትምህርት አብሮ ሄደ። ተማሪው ቁጭ ብሎ ያያል፣ መምህሩም ጥግ ይዞ ያያል። በዚያ ሁሉ ወጪና ድካም መሣሪያው የተሰጠው ለተናጋሪው ነበር፤ የተማሪው እጅ ባዶውን ቀረ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ፣ የዚያው የኔግሮፖንቴ ድርጅት ሥራ የሆነችው ኤክስኦ የተባለች አረንጓዴ ላፕቶፕ በሺዎች ሆና አዲስ አበባና ገጠር ላሉ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ደረሰች። ይህቺኛዋ የተሰጠችው ለልጁ ነው፤ ካሜራም አላት። አሁን ደግሞ ስብራቱ በሌላ በኩል መጣ። ጉዳዩን የተከታተሉ ተመራማሪዎች ያዩት፣ ላፕቶፗ ብዙውን ጊዜ የምትሠራው ከክፍል ውጭ መሆኑን ነው። መምህሩ ከትምህርቱ ጋር የሚያዛምድበት በቂ ሥልጠና አላገኘም፤ ስለዚህ ክፍል ውስጥ ስትከፈት ረብሻ ትመስለዋለች። ዝጉ ይላል። አልፈርድበትም። እንግዲህ ፕላዝማው ሲመጣ ልጁ ተረሳ፤ ላፕቶፗ ስትመጣ መምህሩ ተረሳ። ሁለቱም ጊዜ ደግሞ ጥያቄው ተረሳ። በመሣሪያው ምን እንመርምርበት? ይህን የጠየቀ አልነበረም።

ዛሬስ? ዛሬ መሣሪያው ማንም ሳያድለው በራሱ መንገድ መጥቷል። የቴክኖና የአይቴል ስልክ በየኪሱ አለ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ክፍል ሲገባ የታተመ መጽሐፍ ባጠረበት ቦታ ሁሉ ተማሪው ፒዲኤፉን በቴሌግራም አውርዶ ነው ያነበበው። ኔትወርክ በሌለበት ደግሞ በዜንደርና በሼር ኢት ከስልክ ስልክ ይቀባበሉታል፤ ወይም አንድ የሞባይል ቤት ገብተው ሚሞሪ ካርድ ላይ ያስጭኑታል። ኢንተርኔት የሌለው ተማሪ ዲጂታል መሣሪያ አያውቅም የሚል ሰው ይህን አላየም ማለት ነው።

ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር። በዚሁ ስልክ ትምህርቱን የሚገድል ሌላ ነገርም ይሠራል፤ ስሙ አሳይመንት ይባላል። መምህሩ ርዕስ ይሰጣል፦ የአፈር መሸርሸር መንስኤና መፍትሔ። ስድስት ልጆች በቡድን ይመደባሉ። አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ስማቸውን ያጽፋሉ። የሚሠራውም ልጅ ከኢንተርኔት ይገለብጣል፤ አሁን አሁን ደግሞ ለቻትጂፒቲ ይነግረዋል። ኮምፒዩተር ቤት ወስዶ ያስተይባል፣ ሽፋን ያሠራል፣ ያስጠርዛል። መምህሩ ሰባ ምናምን ተማሪ ባለበት ክፍል ይህን ሁሉ ማንበብ ስለማይችል በሽፋኑ ውበት ነጥብ ይሰጣል። ሁሉም ሰው ፕሮጀክት ተሠራ ይላል። አንድም ልጅ ግን አፈር አልነካም።

ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ቦረቦር አለ እንበል። በዚህ በኩል ያለ ሰው ቦረቦር ምን እንደሆነ አይነገረውም፤ አንድ ክረምት የበሬ መሄጃ የነበረው መሬት በሌላው ክረምት ገደል ይሆናል። እንግዲህ አንድ መምህር ያንኑ ርዕስ ትቶ ተማሪዎቹን እንዲህ ብሎ ቢጠይቃቸውስ፦ ይህ ቦረቦር በዚህ ዓመት ምን ያህል መሬት ይበላል? መልሱን ቻትጂፒቲ አያውቀውም። ኢንተርኔት ላይ የለም። ካለፈው ዓመት ተማሪ አይገለበጥም። አጥሩ ጀርባ ሄዶ ከመለካት በቀር መንገድ የለም።

መጀመሪያ ዝናቡን መለካት አለባቸው። የሃይላንድ ጠርሙስ ይፈልጋሉ፤ ጎኑ ቀጥ ያለውን፣ ወገቡ ያልተሰረጎደውን። አንገቱን ቆርጠው እንደ ማንቆርቆሪያ ገልብጠው መልሰው ይሰኩበታል። ከታች ጠጠር ያደርጉና ቀጥ ያለው ጎን እስከሚጀምርበት ውኃ ይሞሉታል፤ ያ ዜሮ ነው። ጎኑ ላይ ማስመሪያ ይለጥፋሉ። በየጠዋቱ በአንድ ሰዓት አንዲት ልጅ ሄዳ ታነባለች፣ ትመዘግባለች፣ እስከ ዜሮው ድረስ ትደፋለች። እዚህ ላይ ሒሳቡ ሕይወት ያገኛል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ነው። የትምህርት ቤቱ አንድ ብሎክ ጣሪያ 400 ካሬ ሜትር ቢሆንና 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ ከቆርቆሮው ላይ 8,000 ሊትር ወረደ ማለት ነው፤ በጀሪካን 400 ጀሪካን። ያ ሁሉ ውኃ በአንድ አሸንዳ ወርዶ ወዴት ሄደ? ወደ ቦረቦሩ። ውኃ ከምንጭ ስትቀዳ ያደገች ልጅ 400 ጀሪካን ምን ያህል እንደሚከብድ ከመምህሯ በላይ ታውቃለች። ይህን ሒሳብ አትረሳውም።

ከዚያ ችካል ይመጣል። በቦረቦሩ አፋፍ ዙሪያ ችካል ይተክላሉ፤ ከችካሉ እስከ ጠርዙ በሜትር ይለካሉ። ስልኩ የሚገባው አሁን ነው። አንድ ድንጋይ ላይ ምልክት አድርገው፣ በየሳምንቱ ከዚያው ድንጋይ ላይ ሆነው፣ ወደዚያው አቅጣጫ ፎቶ ያነሣሉ። የስልክ ጂፒኤስ ከሳተላይት ስለሚቀበል ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል፤ ቦታውን ለማግኘት ትንሽ መታገሥ ብቻ ነው። ከጎርፉ በጠርሙስ ይቀዱና ሳይነካ እንዲያድር ያስቀምጡታል፤ ጠዋት ከታች የረጋውን ደለል ይለካሉ። ቁጥሩ ሁሉ ስልክ ላይ ወይም ትምህርት ቤቱ ባለችው ኮምፒዩተር ላይ ኤክሴል ውስጥ ይገባል፤ ዝናቡ በአንድ መስመር፣ የተቆረሰው መሬት በሌላ መስመር ግራፍ ሆኖ ይወጣል። ሁለቱ መስመሮች አብረው ሲወጡ የሚያይ ልጅ፣ ስለ አፈር መሸርሸር ሽፋን ያለው ወረቀት ከሚያስጠርዝ ልጅ ጋር አንድ ትምህርት ተማረ አይባልም።

እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለ። በጎጃም ክረምቱ የሚበረታው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ዋናው ጎርፍ የሚወርደው ልጆቹ በየቀበሌያቸው አረም ሲያርሙ ነው። ታዲያ ልብ በሉልኝ ያልኳችሁን አሁን አምጡት። እነዚያ ስንቅ ተሸክመው የሚመጡት ልጆች በወረዳው ሁሉ የተበተኑ ናቸው፤ አንዱ ከደጋው፣ አንዱ ከዓባይ በረሃ አፋፍ። እያንዳንዳቸው አንዳንድ የሃይላንድ ጠርሙስና አንዳንድ ደብተር ይዘው ቢሄዱ፣ መስከረም ላይ ክፍሉ የጎንቻ ሲሶ እነሴን የክረምት ዝናብ ከላይ እስከ ታች ይዞ ይሰበሰባል። ይህን መረጃ ለማግኘት ቢሮዎች ስንት በጀት ይይዛሉ! ለዚህ ሥራ ስልክ ግድ አይደለም። ደብተር ይበቃል፤ ስልኩ የሚያስፈልገው መስከረም ላይ ሲያደምሩት ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ ጎጃም ውስጥ ተሠርቶ ያውቃል፤ ከባዶ አልተነሣሁም። ደምበጫ አቅራቢያ አንጀኒ የምትባል 113 ሄክታር ያህል ተፋሰስ አለች። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ በጀመሩት የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም፣ እዚያ ዝናቡ፣ የወንዙ ፍሰትና የሚታጠበው አፈር ለዓመታት ተለክቷል። በዓመት በአማካይ 1,690 ሚሊ ሜትር ገደማ እንደሚዘንብ የምናውቀው ሰው በየቀኑ ሄዶ ስላነበበ ነው። እርከን ተሠርቶ ዓመታት ሲያልፉ ማሳው ደረጃ እየያዘ መምጣቱም የታወቀው በመለካት ነው። የዓለም ተመራማሪ ስለ ኢትዮጵያ ደጋ አፈር ሲጽፍ አንጀኒን ይጠቅሳል። የጉንደ ወይን ተማሪ ግን አንጀኒ የምትባል ቦታ መኖሯን ሳይሰማ አሥራ ሁለተኛን ይጨርሳል።

ሥራው ተሠርቶ ማን ፊት ይቆማል? ይህ ዋናው ጥያቄ ነው። በአማራ ክልል በየዓመቱ ጥር ሲገባ ሕዝቡ ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል፤ እርከን ይሠራል፣ ክትር ይሠራል። ተማሪዎቹ በታኅሣሥ ወር ወላጆችን፣ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያና ሽማግሌዎችን ጠርተው ግራፋቸውንና ፎቷቸውን ግድግዳ ላይ ቢያሳዩ፣ የትኛው አፋፍ ቶሎ እንደሚናድ በቁጥር ቢናገሩ፣ ያ ክትር የት እንደሚሠራ ለመወሰን ይረዳል። ገበሬው ተነሥቶ ይጠይቃቸዋል፦ «ከዚያ ማዶ ያለውስ? እሱን ለምን አልለካችሁም?» ይላቸዋል። የቅኔ ቤት የኔታም እንዲሁ ያልበሰለውን ይመልሱ ነበር። የዚያ ቦረቦር አፈር ጅረት ይዞት ዓባይ ይገባል፤ ዓባይም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወዳስመረቅነው ግድብ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ የአንድ ክፍል ሥራ ሲባል ትንሽ አይምሰላችሁ።

ስለ ፎቶ ኃይል ደግሞ አንድ ልጨምርላችሁ፤ ከአካባቢው ሳንርቅ። ከሞጣ በታች ዓባይ ላይ በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው ሰባራ ድልድይ አለ። አርበኞች ጣሊያን እንዳይሻገር መካከሉን ሰበሩት፤ ከዚያ በኋላ የጎጃምና የጎንደር ሰው ለዓመታት በገመድ ተንጠልጥሎ፣ ሰው እየሳበው ተሻገረ። ከዚያ አንድ የውጭ አገር መጽሔት ሰዎች በገመድ ሲሻገሩ የሚያሳይ ፎቶ አወጣ። ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶውን አይቶ ዝም ማለት አቃተው፤ የእግር ድልድይ የሚሠራ ድርጅት አቋቁሞ በ1994 ዓ.ም. ሰባራውን ድልድይ ጠገነ። ኋላ ጎርፍ ሲወስደውም ሌላ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ያ ድርጅት ዛሬ በብዙ አገር ድልድይ ሠርቷል። መነሻው አንድ ፎቶ ነው። ያ ፎቶ የተነሣው በመንገደኛ ነው፤ በገመድ የሚሻገሩት ሰዎች ልጆች ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እዚያው ነበሩ። የድልድዩን ታሪክ፣ በገመድ የተሻገሩትን አባቶችና እናቶች ድምፅ በስልክ መቅጃ ቀድቶ፣ ጽፎ፣ ከመጽሐፍ ጋር አመሳክሮ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ማስቀመጥ የታሪክ ክፍል ፕሮጀክት ነው። አረጋዊው ዛሬ ካልተጠየቁ በሚቀጥለው ዓመት ላይገኙ ይችላሉ።

ይህን ስናገር የጊዜውን ነገር ዘንግቼ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ ጦርነት አለ። በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ልጅን ካሜራ አስይዞ መንገድ ለመንገድ መላክ አይገባም፤ ሥዕል የሚያነሣ ልጅ በማን ዓይን ምን እንደሚመስል አይታወቅምና። ስለዚህ ነው ከአጥሩ ጀርባ የጀመርኩት። የትምህርት ቤቱን ግቢ ዝናብ፣ የግቢውን ዛፍ፣ የጣሪያውን ውኃ መለካት ይቻላል። ሰላም ሲወርድ የሚለካው ቦታ ይሰፋል።

ኢንተርኔት ስለሌለ የሚቆም ነገርም ጥቂት ነው። ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም ዊኪፒዲያን በሙሉ ሚሞሪ ላይ ጭኖ ያለ ኔትወርክ ማንበብ ይቻላል። ኮሊብሪ የተባለው የትምህርት መድረክ የተሠራው ኢንተርኔት ለሌለው ትምህርት ቤት ነው፤ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ተጭኖ ክፍሉን ሁሉ በዋይፋይ ያገለግላል። ልጆች ኮድ መጻፍ የሚለማመዱበት ስክራች በአማርኛ ተዘጋጅቷል። ሁሉም በነፃ ነው። አንድ ጊዜ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ የሄደ ሰው በፍላሽ ይዞት ሊመለስ ይችላል። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ቅርብ ነው፤ የኮምፒዩተር ተማሪዎቹን ለእረፍት ወደየወረዳቸው ሲሸኝ እንዲህ ያለ ፍላሽ ቢያስይዛቸው ምን ይከብደዋል?

አንድ መምህር ተነሥቶ፣ «ይሁን፤ ግን ብሔራዊ ፈተናው ምርጫ ነው፤ ቦረቦር አይጠይቅም» ይለኛል። ልክ ነው። ግን በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውጤት ብዙ ምክንያት አለ፤ ጦርነትም አለበት፣ ኮቪድም አለበት። ሆኖም ለፈተና ብቻ ያስተማርንበት መንገድ ለፈተናውም እንዳልበቃ አይተናል። ስለ መጠነ ይዘትና ስለ ግራፍ በገዛ እጇ የተማረች ልጅ ምርጫውንም ትመልሰዋለች ብዬ አምናለሁ።

የማያስማማን ሌላ ነገር ስልኩ የማን ነው የሚለው ነው። ስልክ ያለው ልጅ የቡድኑ አለቃ ይሆናል፤ ስልክ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወንዱና የከተማው ልጅ ነው። ከቀበሌ የመጣችው ልጅ ጸሐፊ ሆና ትቀራለች። መምህር ይህን ካልተቆጣጠረ መሣሪያው የነበረውን ልዩነት ያሰፋዋል። የምመክረው ስልኩ ከተማሪ እንዳይመጣ ነው። ትምህርት ቤቱ አንድ ወይም ሁለት ስልክ ይግዛ፤ ቢሮ ይቀመጥ፤ ለሥራው በተራ ይውጣ። አንድ ሳምንት አንዷ ፎቶ ታነሣለች፣ አንዱ ይመዘግባል፤ በሚቀጥለው ይቀያየራሉ። ብዙ ትምህርት ቤት ተማሪ ስልክ ይዞ እንዳይገባ ይከለክላል፤ በዚህ መንገድ ክልከላውም አይጣስም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ለሦስት ነው። ለርዕሳነ መምህራን፦ ከተከታታይ ምዘናው ላይ ለአንድ እውነተኛ ፕሮጀክት ነጥብ መድቡ፤ ሽፋኑ የሚያምረውን አሳይመንት አቁሙት፤ ፕሮጀክት ለያዘው መምህር ከክፍለ ጊዜው ጥቂት ቀንሱለት፤ ጊዜ ያልተሰጠው መምህር መሣሪያ ቢሰጠው ምንም አያደርግለትም። በውጭ አገርና በአዲስ አበባ ላላችሁ የጎንቻ ልጆች፦ ያገለገለ ኮምፒዩተር በካርቶን ከመላካችሁ በፊት መምህሩን ደውላችሁ ምን ልታስመረምርበት ነው በሉት፤ ጥያቄ ካለው ስልክም ይበቃዋል፤ ጥያቄ ከሌለው ያንን ጥያቄ እንዲያገኝ ለሥልጠናው ክፈሉለት። ለአንቺና ለአንተ፣ ዘንድሮ ክፍል ፊት ለምትቆሙት መምህራን ደግሞ፦ አንድ ክፍል፣ አንድ ጥያቄ፣ አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ይዛችሁ ጀምሩ። የሚቀጥለው ዝናብ ሳያመልጣችሁ ዛሬ ጠርሙሱን ቁረጡ።